ምዕራፍ 7፦ የኋላ ፍሬን ድምፅና አንድምታው

ሰው በማለዳ መኪናውን አስነሥቶ ከግቢው በር ሲወጣ፣ ወደ ዋናው መንገድ ከመግባቱ በፊት የፍሬኑን መርገጫ በእግሩ ሲነካ፣ ከኋላ በኩል ትናንት ያልነበረ ድምፅ ቢሰማ፣ ልቡ ወዲያው በሁለት ሐሳብ ይከፈላል፤ አንደኛው ሐሳብ «ምንም አይደለም፣ ራሱ ይተወዋል» እያለ ሲያባብለው፣ ሁለተኛው ደግሞ «ፍሬንህ ሊከዳህ ነው» እያለ ያስፈራዋል። ሁለቱም ያለ ምርመራ የተሰጡ ፍርዶች ናቸው። የመጀመሪያው ባለቤቱን ለአደጋ አሳልፎ ይሰጠዋል፤ ሁለተኛው ያላለቀውን ሸራ አስጥሎ፣ ደኅናውን ታምቡር አስለውጦ፣ ገንዘቡን በከንቱ ያስወጣዋል።

በ3ኛው ምዕራፍ የፍሬን ዘይት የእግራችንን ግፊት ተቀብሎ እንደ ታማኝ መልእክተኛ ሳያጎድል ወደ አራቱም ጎማዎች እንዴት እንደሚያደርሰው ተመልክተናል። በ5ኛው ምዕራፍም ስለ ኩሽኔታ ስንናገር፣ የሚዞር ነገር ሁሉ ሕመሙን በድምፅ እንደሚገልጥ አይተናል። በዚህ ምዕራፍ እነዚህን ሁለት ትምህርቶች አገናኝተን በአንድ ዋና ሐሳብ ላይ እንቆያለን፤ ይኸውም፣ ከኋላ ፍሬን የሚወጣውን ድምፅ ምን ይመስላል ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ መቼ ይመጣል፣ ስንት ጊዜ ይመላለሳል፣ ምን ሲደረግስ ይጠፋል ብሎ መጠየቅ ይበልጣል የሚል ነው። የድምፅ ቃና ጆሮን ያሳስታል፤ የድምፅ ጊዜ ግን የተወለደበትን ስፍራ ይናገራል።

ከውስጥ የሚነካ ከበሮ

ታምቡር የሚለውን ስም መካኒኮቻችን የወሰዱት ከኢጣልያንኛ ሲሆን ትርጓሜው ከበሮ ማለት ነው፤ ፍሬን፣ ሞላ፣ ቡሎን፣ ዳዶና ኩሽኔታ የሚሉት ቃላትም በዚያው በር በእንግድነት ገብተው ዛሬ ቤተ ሰብ ሆነዋል። ስሙ ለነገሩ የተገባ ነው። የኋላ ፍሬን ታምቡር ከቀለጠ ብረት ተፈስሶ የተሠራ፣ አንድ ወገኑ ክፍት የሆነ አጭር ከበሮ ሲሆን ከጎማው ጋር አብሮ ይዞራል። የማሕሌቱ ከበሮ ግን የሚመታው ከውጭ በመዳፍ ነው፤ ይኸኛው የሚነካው ከውስጥ ነው። በሆዱ ውስጥ እንደ አዲስ ጨረቃ የጎበጡ ሁለት የብረት ቅስቶች ፊት ለፊት ቆመዋል፤ በጀርባቸውም ላይ መፋተግንና ሙቀትን የሚችል ንጣፍ ተለጥፎ ወይም በሪቬት ተመትቶ ይገኛል። ንጣፉን ከነቅስቱ በጋራዥ ቋንቋ ሸራ ይሉታል። ሸራዎቹ የተደገፉበት፣ ከመኪናው አካል ጋር ተያይዞ የማይዞረው ክብ ቆርቆሮ በዚህ ምዕራፍ የጀርባ ሳህን ይባላል።

እግር መርገጫውን ሲጫን፣ በሁለቱ ሸራዎች ራስ መካከል ያለው ትንሽ ሲሊንደር በዘይቱ ኃይል ሸራዎቹን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ገፍቶ ከሚዞረው ታምቡር ግድግዳ ጋር ያጣብቃቸዋል፤ እግር ሲነሣም ሞላዎች ስበው ወደ ቦታቸው ይመልሷቸዋል። ሁለት ነገሮች ሲፋተጉ አንዱ ሌላውን የሚቃወምበት ኃይል ሰበቃ ይባላል፤ መኪናውን የሚያቆመው ይኸው ሰበቃ ነው።

ሁለቱ ሸራዎች በመልክ ቢመሳሰሉም በሥራ አይተካከሉም። አንድ ሽማግሌ በመቋሚያው ጫፍ መሬቱን እየጫረ ቢሄድ፣ መቋሚያውን ከኋላው ሲጎትተው ያለ ችግር ይንሸራተታል፤ ወደ ፊቱ አጋድሞ ሲገፋው ግን ጫፉ መሬቱን እየወጋ ይተከላል፣ ሽማግሌውም በገፋ ቁጥር መቋሚያው ይበልጥ ይጠልቃል። ከሁለቱ ሸራዎችም አንደኛው እንደሚገፋው መቋሚያ ነው፤ የታምቡሩ ዙር ራሱ ወደ ግድግዳው እየጎተተ ያጠልቀዋልና እግራችን ከሰጠው ኃይል በላይ ይነክሳል። ሁለተኛው እንደሚጎተተው መቋሚያ በለዘብታ ይነካል። መኪናው ወደ ኋላ ሲሄድ ደግሞ ሁለቱ ሥራቸውን ይለዋወጣሉ። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያኑረው፤ በኋላ የአንድ ድምፅ ምስጢር የሚፈታበት ቁልፍ ነውና።

የታምቡር ፍሬንን በመኪና ላይ በማዋል ስሙ የሚጠራው ፈረንሳዊው ሉዊ ሬኖ ሲሆን ዘመኑም 1902 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ዲስክ የሚባለው ፍሬን በፊት ጎማዎች ላይ ቢነግሥም፣ በብዙ መኪናዎች የኋላ ጎማ ላይ ታምቡሩ ስፍራውን አልለቀቀም። ኢጣልያኖች የሠሩት ፊያት 124 በአራቱም ጎማዎቹ ዲስክ ነበረው፤ ሶቪየቶች ግን ያንኑ መኪና ለአገራቸው አስማምተው በ1970 እ.ኤ.አ. መሥራት ሲጀምሩ፣ ጭቃና ጠጠር የበዛበት መንገዳቸው የኋላውን ዲስክ ቶሎ ስለ በላው አውጥተው በታምቡር ተኩት። ከዚያ ዘር የወጡት ላዳዎች ናቸው ሰማያዊና ነጭ ተቀብተው አዲስ አበባን ለብዙ ዓመታት ያገለገሉት። ታምቡር ጭቃን በክዳኑ ይከላከላል፤ ነገር ግን ያው ክዳን ከውስጥ የተወለደውን አቧራ እንዳይወጣ ይይዘዋል፣ ሕመሙንም ከዓይን ይሰውረዋል። ስለዚህ ዓይን የማያየውን ለማወቅ ጆሮ ያስፈልገናል።

የማሲንቆው ምስጢር

ፍሬን ለምን ይጮኻል? መልሱ በአዝማሪው እጅ ላይ አለ። የማሲንቆው ጅማትና የደጋኑ ጭራ ሁለቱም ከፈረስ ጭራ የተሠሩ ናቸው፤ አዝማሪው ደጋኑን በሙጫ ካላሸው በቀር ጭራው በጅማቱ ላይ እየተንሸራተተ ያልፋል እንጂ አይዘፍንም። ሙጫ ሲቀባ ግን ደጋኑ ጅማቱን ጨብጦ ወደ ጎን ይስበዋል፤ ጅማቱም እስከሚችለው ድረስ ተስቦ ሲያበቃ አምልጦ ወደ ኋላ ይፈናጠራል፤ ደጋኑም እንደገና ይይዘዋል። ይህ መያዝና ማምለጥ በሰከንድ መቶ ጊዜ፣ ሁለት መቶ ጊዜ ሲደጋገም ዜማ ይሆናል። ጀርመናዊው ሊቅ ሄርማን ፎን ሄልምሆልትስ በ1863 እ.ኤ.አ. ስለ ድምፅ ባሳተመው ታላቅ መጽሐፉ በደጋን የሚመታ ጅማት እንዴት እንደሚንቀሳቀስ መርምሮ አስረድቷል።

ሸራው ደጋን፣ ታምቡሩም ጅማት ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። ሸራው ታምቡሩን ይይዛል፣ ያመልጠዋል፣ እንደገና ይይዘዋል፤ ይህ ቀስ ብሎ ሲሆን ወፍራም የማጓራት ድምፅ ይሰማል። ለቀጭኑ ጩኸት ግን አንድ ምክንያት ይጨመርበታል። ዥዋዥዌ የሚጫወት ልጅ በትክክለኛው ቅጽበት በትንሽ ጣት ቢገፉት እንኳ እየጨመረ ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ የሸራው መንቀጥቀጥና የታምቡሩ መንቀጥቀጥ በቅጽበት የተስማሙ እንደ ሆነ እርስ በርሳቸው እየተገፋፉ ይበረታሉ፤ በሰከንድም ከ1,000 ጊዜ በላይ እየራዱ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ጩኸት ያወጣሉ። በዚህ ጊዜ ትልቁ ታምቡር እንደ ደወል ሆኖ ትንሹን መራድ ያጎላዋል።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው፣ መጮህ ሁሉ የመሰበር ምልክት አይደለም፤ ደኅና ፍሬንም እንደ ደኅና ማሲንቆ ሊዘፍን ይችላል። ሁለተኛው፣ ጩኸቱ የሚጎላው በታምቡሩ አካል ስለ ሆነ፣ ብዙ ልዩ ልዩ ሕመሞች በአንድ ዓይነት ቃና ሊናገሩ ይችላሉ። ስለዚህ ነው ቃናው ብቻውን የማይታመነው።

ምስክሩን መጠየቅ

በቀድሞው የሙግት ሥርዓታችን ተጠየቅ እየተባለ ነገር ሲጣራ፣ ምስክር «አይቻለሁ» ስላለ ብቻ አይለቀቅም ነበር፤ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ስፍራው እየተነሣ ቃሉ በጥያቄ ይፈተን ነበር። ድምፅም ምስክር ነውና ሦስት ጥያቄዎች ይጠየቅ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ የምትመጣው እግሬ ፍሬኑን ሲነካ ነው ወይስ ሳይነካ ነው? የሚል ነው። ሲረገጥ መጥቶ ሲለቀቅ የሚጠፋ ድምፅ ሸራና ታምቡር በሚገናኙበት ስፍራ የተወለደ ነው። ሳይረገጥ ተሰምቶ ሲረገጥ የሚጠፋ እንደ ሆነ ግን፣ ውስጥ የላላ ነገር እንዳለና ፍሬኑ ሲይዘው ዝም እንደሚል ያመለክታል። ቢረገጥም ባይረገጥም የማይለወጥ ድምፅ ከፍሬኑ ወገን ላይሆን ይችላል፤ በ5ኛው ምዕራፍ እንደ ተናገርነው፣ ከፍጥነት ጋር የሚያድግና መኪናው ወደ አንድ ወገን ሲታጠፍ የሚለወጥ ጉምጉምታ የኩሽኔታ ጠባይ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ትቆጠራለህ ወይ? የሚል ነው። የአንዲት ትንሽ መኪና ጎማ አንድ ጊዜ ሲዞር ወደ 1.8 ሜትር ያህል መንገድ ይቆርጣል። በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና በሰከንድ ወደ 5.5 ሜትር ስለምትጓዝ፣ ጎማዋ በሰከንድ 3 ጊዜ ያህል ይዞራል ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ፍጥነት «ሽር፣ ሽር፣ ሽር» እያለ በሰከንድ ሦስት ጊዜ የሚሰማ፣ ፍጥነቱ ወደ 10 ሲወርድም በግማሽ የሚዘገይ ድምፅ፣ በታምቡሩ ዙሪያ በአንድ ስፍራ የተለየ ነገር እንዳለ ይመሰክራል። ሳይቆራረጥ እንደ ወንዝ የሚፈስ ድምፅ ግን በዙሪያው ሁሉ እኩል የሆነ ነገር አለ ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ «ቋ» ብሎ ዝም የሚለውም የሚዞር ሳይሆን ከቦታው የሚዘዋወር ነገር እንዳለ ይናገራል።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ምን ሲደረግ ትጠፋለህ? የሚል ነው። መርገጫው የፊቱንና የኋላውን ፍሬን ባንድነት ስለሚያዝ፣ በእሱ ብቻ የድምፁ ምንጭ ፊት ይሁን ኋላ መለየት አስቸጋሪ ነው። የእጅ ፍሬኑ ግን በብዙ መኪናዎች የሚጎትተው የኋላውን ሸራዎች ብቻ ነው። እንግዲህ ሰውና መኪና በሌለበት ደልዳላ መንገድ ላይ በዝግታ እየሄዱ፣ የእጅ ፍሬኑን ቁልፍ ሳይለቁ በጥቂቱ ቢስቡት፣ ያው ድምፅም ቢመጣ፣ ምስክሩ ከኋላ እንደ ሆነ ታወቀ። ቁልፉ ከተለቀቀ ግን እጀታው ተቆልፎ ጎማውን ሊይዘው ስለሚችል፣ ይህ ፈተና በዝግታና በጥንቃቄ ካልሆነ በቀር አይደረግም። የግራና የቀኙን ነገር ለመለየት ደግሞ፣ መስኮቱን ከፍቶ በግንብ አጥር ጥግ አንድ ጊዜ በግራ፣ አንድ ጊዜ በቀኝ በኩል በዝግታ ማለፍ ይጠቅማል፤ ግንቡ ድምፁን መልሶ ወደ ጆሮ ይልከዋልና።

አንድም እንዲህ፣ አንድም እንዲያ

የመጻሕፍት መምህራን አንድን ኃይለ ቃል «አንድም» እያሉ በብዙ መንገድ እንደሚፈቱት፣ የፍሬንም ድምፅ አንድምታ አለው። በሦስቱ ጥያቄዎች ከተፈተነ በኋላ ግን የሚቀሩት ፍቺዎች ጥቂት ናቸው።

ሲረገጥ የሚመጣው ቀጭን ጩኸት አንድም የአቧራ ነው፤ ከሸራው የተፋቀው ትቢያ በታምቡሩ ሆድ ተከማችቶ የሸራውን አያያዝ ይለውጣልና። አንድም የሌሊት ዝገት ነው፤ በክረምት፣ ወይም መኪና ታጥቦ ባደረ ጊዜ፣ ብረቱ ስስ ዝገት ይለብሳል፤ ይህኛው ሦስትና አራት ጊዜ ፍሬን እንደ ተያዘ ተፍቆ ይጠፋልና ሊያሳስብ አይገባም። አንድም የሙቀት ነው፤ ሸራው ከልክ በላይ ሲግል ገጹ ጠንክሮ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃል፤ መያዙን ትቶ መንሸራተት ይጀምራል።

ይህ ሙቀት ምን ያህል እንደ ሆነ ለመረዳት የዓባይን በረሃ ቁልቁለት ማሰብ ይበቃል። ከጎሐ ጽዮን ተነሥቶ እስከ ድልድዩ ድረስ መንገዱ ከ1,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ይወርዳል። 1,000 ኪሎ ግራም የምትመዝን መኪና 1,000 ሜትር ስትወርድ በፍሬን ብቻ ብትያዝ፣ በፍሬኖቿ ላይ የሚወድቀው ኃይል 30 ሊትር ያህል ውሃ ከ20 ዲግሪ ተነሥቶ እስኪፈላ ድረስ ሊያሞቅ ይችላል። በከባድ ማርሽ ታግዞ የሚወርድ ነጂ ከዚህ ሙቀት ብዙውን ለሞተሩ ያካፍላል፤ በፍሬን ብቻ የሚወርደው ግን ሸራውን ያቃጥላል፤ በማግሥቱ የሚሰማው ጩኸትም የትናንቱ ቁልቁለት ወሬ ነው።

ሲረገጥ ሳይቆራረጥ የሚመጣው፣ ወፍጮ ያለ እህል ሲዞር መጅ ከድንጋዩ ጋር እንደሚፋጭ ያለው ሻካራ ድምፅ ግን ብዙ አንድምታ የለውም። ሸራው አልቆ የሪቬቱ ራስ ወይም የቅስቱ ብረት ታምቡሩን እየፋቀ ነው ማለት ነው። በየዕለቱም በታምቡሩ ግድግዳ ላይ ቦይ ይቆፍራል፤ በሸራ ዋጋ ብቻ ያልቅ የነበረው ነገር በታምቡር ዋጋ ይሆናል።

ከጎማው ዙር ጋር የሚቆጠረው ድምፅ አንድም ታምቡሩ ክብነቱን አጥቶ ሞላላ ስለ ሆነ ነው፤ በጋለበት ጊዜ የእጅ ፍሬን ተስቦ ቢቆም በሸራዎቹ እንደ ተጨመቀ ሊቀዘቅዝ ይችላልና። አንድም በታምቡሩ አፍ ዙሪያ ሸራ ያልደረሰበት ጠርዝ ዝጎ ከንፈር አውጥቶ አዲሱን ሸራ ስለሚነካው ነው። አንድም የጀርባ ሳህኑ በድንጋይ ተመትቶ ጎብጦ የሚዞረውን ታምቡር ስለሚልሰው ነው፤ ይህኛው የቆርቆሮ ድምፅ አለው፤ ሳይረገጥም ይሰማል።

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩም ጠፍቶ ሳለ መርገጫው ሲጫን እንደ አሮጌ በር «ሲጥ» የሚል ድምፅ፣ የሸራዎቹ ጎን የሚያርፍባቸው የጀርባ ሳህን ጉብታዎች ደርቀው እንደ ሆነ ይናገራል። ፈውሱም ሙቀት የሚችል ግሪስ በጉብታዎቹ ላይ ብቻ በስሱ መቀባት ነው። በስሱ ማለታችን ይታወቅ፤ ከዚያ ተርፎ በሸራው ላይ የወረደ ግሪስ የድምፅን ሕመም ወደ አለመያዝ ሕመም ይለውጠዋል። ከሲሊንደሩ የሚያፈስ የፍሬን ዘይትም እንዲሁ ሸራውን ያበላሸዋል፤ ያን ጊዜ የማጓራት ድምፅ ይሰማል፣ መኪናውም ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል።

ሳይረገጥ በጉድጓድ ላይ የሚንኳኳውና ሲረገጥ ዝም የሚለው፣ አንድም የተሰበረ ሞላ፣ አንድም የላላ ሸራ ነው። ወደ ኋላ ሄዶ ከቆመ በኋላ ወደ ፊት ሲኬድ በመጀመሪያው ፍሬን አንድ ጊዜ ብቻ «ጠቅ» የሚለው ደግሞ፣ ቀደም ብለን በመቋሚያው ምሳሌ ያየነው ነው፤ ሁለቱ ሸራዎች ሥራቸውን ሲለዋወጡ ከመደገፊያቸው ጋር የሚገናኙበት ድምፅ ስለ ሆነ፣ ለስላሳ ከሆነ ሕመም አይደለም፤ ከበረታ ግን መደገፊያው ወይም ሸራው እንደ ላላ ይጠረጠራል።

ዳዶ የሆነው ታምቡር

ከዕለታት አንድ ቀን የራሴ መኪና የኋላ ታምቡሮች ቦይ ስላወጡ ቶርኖ ቤት አስልኬ በመቆረጫ አስላጨኋቸው፤ አዲስ ሸራም ገባላቸው። ፍሬኑ በደንብ ያዘ፤ ነገር ግን በዝግታ ስይዝ ከግራ ኋላ «ቋ» የሚል፣ ጥቂት ቆይቶም ያው የሚደገም ድምፅ ጀመረ። እኔም ቃናውን ብቻ ሰምቼ ከመኪናው ሥር ያለ ሞላ ተሰብሮ ይሆናል ብዬ ፈርጄ፣ ያንን ለማስለወጥ በእድሜ ወደ ገፉ አንድ መካኒክ ዘንድ ሄድሁ።

«ጋሼ፣ የኋላ ሞላው ሳይሰበር አልቀረም» አልኋቸው።

«ጉድጓድ ስትገባ ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።

«አይልም፤ ፍሬን ስይዝ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው ሞላውን ተወው» አሉና ታምቡሩን አወለቁ። ወደ ደጅ አውጥተው ሆዱን ወደ ፀሐይ አዞሩት፤ የአውራ ጣታቸውንም ጥፍር ከውስጥ ወደ ውጭ በግድግዳው ላይ በዝግታ አሳለፉት። ጥፍራቸው «ጥርርር» እያለ እየዘለለ ሄደ። ከዚያም እጄን ይዘው ያንኑ አደረጉልኝ፤ ዓይኔ ለስላሳ ነው ያለው ብረት ለጥፍሬ መሰላል ነበር። የቶርኖው ቢላ ቸኩሎ ስላለፈ፣ ከአፉ እስከ ሆዱ የሚጠመዘዝ ረቂቅ ጥርስ ትቶበታል።

«ልጄ፣ ይኼ ታምቡር አይደለም፤ ዳዶ ነው» አሉኝ። «ሸራህ በዚህ ጥርስ እየተመራ እንደ ቡሎን ወደ ውጭ ይጎተታል፤ የሸራው ሞላ ሲያቅተው መልሶ ከጀርባው ሳህን ጋር ያላትመዋል። የምትሰማው እሱን ነው።»

ቀጥለውም በብርጭቆ ወረቀት ግድግዳውን በጥርሱ አቅጣጫ ሳይሆን ጥርሱን እያቋረጡ፣ አንድ ጊዜ ወዲህ አንድ ጊዜ ወዲያ እያሉ አሹት፤ በሳሙናና በውሃ አጥበው አድርቀው መለሱት። ድምፁም ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተሰማም። እኒያ ሰው ምክንያቱን ያወቁት በልምድ ብዛት ብቻ አልነበረም፤ ከሁሉ አስቀድመው «መቼ?» ብለው ስለ ጠየቁ ነው። በዚያች በአንዲት ጥያቄ ልለውጠው የነበረውን ደኅና ሞላ አዳኑልኝ።

ታምቡሩን ስለ መክፈት

ምስክርነቱ ከተሰማ በኋላ ማስረጃው በዓይን መታየት አለበት። መኪናው በደልዳላ መሬት ላይ ይቁም፤ የፊት ጎማዎች በታኮ ይታገዱ፤ የእጅ ፍሬኑ ይለቀቅ፣ ሳይለቀቅ ሸራዎቹ ታምቡሩን አቅፈው አይለቁምና። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለመሸከም አይታመንም፤ ስለዚህ መኪናው ጠንካራ መደገፊያ ሳይገባለት ማንም ሰው ከሥሩ አይግባ። በብዙ የቶዮታ ሠራሽ ትናንሽ መኪናዎች ታምቡር ፊት ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሉ፤ የ8 ሚሊሜትር ቡሎን በሁለቱም ተራ በተራ ጥቂት ጥቂት እየጠበቀ ሲገባ፣ በዝገት የተጣበቀው ታምቡር ያለ መዶሻ ይወጣል።

ትቢያውን በአፍም ሆነ በአየር መንፋት አይገባም። የድሮ ሸራዎች አስቤስቶስ የሚባል የማዕድን ጭረት ነበረባቸው፤ በእስትንፋስ የገባ እንደ ሆነ ከብዙ ዓመታት በኋላ ሳንባን በጽኑ ሕመም ይመታል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቢከለክለውም፣ አሮጌ ሸራ ከየት እንደ መጣ ስለማይታወቅ፣ ትቢያው በውሃ ርሶ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረግ። በጋራዥ የሚሠሩ ልጆቻችንን ይህን ማስተማር የነፍስ ጉዳይ ነው።

ከዚያም መለካት ይቀጥላል። በብዙ ትናንሽ መኪናዎች የሸራው ንጣፍ ውፍረት ከ1 ሚሊሜትር ሲወርድ ዘመኑ አልፏል። ታምቡሩም ስንት ድረስ መላጨት እንደሚችል በራሱ አካል ላይ ተጽፎበታል፤ ለምሳሌ ውስጡ 200 ሚሊሜትር ሆኖ የተሠራው የቶዮታ ታምቡር ከ201 ሚሊሜትር በላይ ሊሰፋ አይገባም። እናቶቻችን በገበያ ማድጋ ሲገዙ በጣታቸው አንኳኩተው ስንጥቁን እንደሚያውቁ፣ ታምቡሩም በገመድ ተንጠልጥሎ በቀስታ ሲመታ ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ ደኅና ነው፤ እንደ ተሰነጠቀ ሸክላ ከደነዘዘ ግን ስንጥቅ ይፈለግበት። የሁለቱ ወገን ፍሬን ባንድ ጊዜ አይፈታ፤ አንዱ ሲሠራ ሌላው ለሞላዎቹ አቀማመጥ ምሳሌ ሆኖ ይቆይ። ሸራ ሲለወጥ ግን የግራውም የቀኙም ባንድነት ይለወጥ፤ አለዚያ መኪናው ሲያዝ ወደ አንድ ወገን ይስባል።

ለአንባቢ የምንለው

በሚቀጥለው ምዕራፍ ወደ ፊት ጎማዎች ተሻግረን የዲስክን ነገር እናያለን፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ግን አብረውን ይሻገራሉ። አንባቢ ሆይ፣ ወደ ጋራዥ ስትሄድ «ይጮኻል» ብለህ ብቻ አትናገር። «በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬን ስይዝ በሰከንድ ሦስት ጊዜ ያህል ከግራ ኋላ ይፍቃል፤ የእጅ ፍሬን ስስብም ይመጣል» በል። እንዲህ ያለ ቃል ይዞ የሄደ ሰው ለመካኒኩ የግማሽ ቀን ድካም ይቀንስለታል፤ ለራሱም ያላለቀ ዕቃ ከመለወጥ ይድናል።

የማለዳው የዝገት ጩኸት ይታለፋል፤ «ሲጥ» የሚለውም እስከ እሑድ ሊቆይ ይችላል። ብረት ብረትን ሲፍቅ የሰማ፣ ወይም መርገጫው ከወትሮው ይልቅ ወደ ታች ሲወርድበት ያየ ሰው ግን መኪናውን በዚያው ቀን ያቁም።